ቃጠሎ ሲደርስ፦ የመጀመሪያው 20 ደቂቃና ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ያሉት ወራት

ቤት ውስጥ ትንንሽ ልጆችን የሚያቃጥለው አብዛኛውን ጊዜ ነበልባል አይደለም፤ የፈላ ነገር ነው። ጀበናው ወለል ላይ፣ ከሰሉ ወለል ላይ፣ የሽሮው ድስት ገና ዳዴ የሚል ልጅ እጁን በሚያደርስበት ቦታ ላይ ነው። የልጅ ቆዳ ከአዋቂ ቆዳ የሳሳ ስለሆነ አዋቂን አቅልቶ የሚተው ሙቀት ልጁን ውሃ ያስቋጥረዋል። 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውሃ አዋቂን በ5 ሴኮንድ ገደማ በጥልቀት ሊያቃጥል ይችላል፤ ሕፃንን ደግሞ ከዚያም ባነሰ ጊዜ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ አሁን ከጀበና የተቀዳ ቡና ከ60 ዲግሪው በላይ ነው። የጋለ ዘይት 180 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ሽሮና ገንፎ እንደ ዘይት ባይግሉም ቆዳ ላይ ተጣብቀው ስለሚቀሩ ከፈላ ውሃ ይልቅ ጠልቀው ያቃጥላሉ።

ቤተሰብ በራሱ እጅ የቃጠሎን ጉዳት መቀነስ የሚችለው በሁለት ጊዜ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎችና ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ባሉት ወራት። መሃሉ በአብዛኛው የጤና ባለሙያ ሥራ ነው። በሁለቱም ጊዜ ግን በልማድ የምናደርገው ነገር ጉዳቱን ሲያባብሰው በብዛት ይታያል፤ ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ሙቀቱ ቆዳው ውስጥ ቀርቷል

ትኩሱ ነገር ከቆዳው ላይ ቢነሳም የገባው ሙቀት እዚያው ነው፤ ወደ ውስጥ መጓዙንም አያቆምም። የተቃጠለው ቦታ መሃሉ ላይ የሞተ ቆዳ አለ፤ እሱን ማንም አይመልሰውም። በዙሪያውና ከሥሩ ያለው ግን ተጎድቶ ያልሞተ ነው። ደም እየደረሰው ከቆየ ያገግማል፤ ሙቀቱ ከቀጠለ፣ ሰውነቱ ፈሳሽ ካጠረው ወይም ቁስሉ ካመረቀዘ በ2 እና በ3 ቀን ውስጥ እሱም ይሞታል። መጀመሪያ ቀን ቀላል የመሰለ ቃጠሎ በሦስተኛው ቀን ጠልቆ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ያን ዙሪያ ለማትረፍ ቤት ውስጥ ካለ ነገር ሁሉ የሚሻለው የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ነው።

ልብሱን ወዲያው አውልቁ። በፈላ ውሃ ወይም በዘይት የራሰ ልብስ ሙቀቱን ይዞ ቆዳው ላይ ማቃጠሉን ይቀጥላል፤ የሕፃን ዳይፐርም እንዲሁ ነው፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቀልጦ ከቆዳው ጋር የተጣበቀ ናይለን ወይም ፖሊስተር ካለ ግን አትላጡት፤ ዙሪያውን በመቀስ ቆርጣችሁ ተዉት። ቀለበት፣ አምባር፣ ሰዓት፣ የአንገት ማተብም ቢሆን ቦታው ሳያብጥ ይውለቅ። ካበጠ በኋላ ቀለበት የጣትን ደም ሊያቋርጥ ይችላል።

ከዚያ ውሃ፣ ለ20 ደቂቃ። ሰዓት እያያችሁ ይሁን፤ ልጅ እያለቀሰ 5 ደቂቃ እንደ ግማሽ ሰዓት ይረዝማልና በግምት ቀድማችሁ ታቆማላችሁ። የቧንቧ ውሃ በራሱ ቅዝቃዜ ይበቃል፤ 15 ዲግሪ አካባቢ ጥሩ ነው። ወዲያው ማድረግ ካልተቻለም እስከ 3 ሰዓት ድረስ ይጠቅማል፤ ስለዚህ «አሁንማ ዘገየ» ብላችሁ አትተዉት።

ቧንቧው በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ አንድ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። የተቃጠለውን እጅ ከንጹሕ ሳፋ በላይ ያዙ። አንድ ሰው በጆግ ወይም በማንቆርቆሪያ ከተቃጠለው ቦታ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሳያንቦጫርቅ፣ በቀጭኑ ያፍስስ፤ ውሃው በቁስሉ ላይ ይለፍ እንጂ ከላይ እየተወረወረ አይምታው። በደቂቃ አንድ ሊትር ያህል ከፈሰሰ ጀሪካኑ ልክ በ20 ደቂቃ ያልቃል። ካነሰ ሳፋው ውስጥ የተጠራቀመውን መልሶ ማፍሰስ ይቻላል። ለማፍሰስ የማይመች ቦታ፣ ለምሳሌ ፊት ላይ ከሆነ፣ በውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ አድርጉ፤ ግን በየ1 ወይም 2 ደቂቃው እየነከራችሁ ቀይሩት፣ አለበለዚያ ጨርቁ ራሱ ሞቆ ሙቀቱን ያምቀዋል።

በረዶ አታድርጉ። በረዶ የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ ሊተርፍ የሚችለውን ቆዳ ደም ከልክሎ ይገድለዋል። ሌላው መጠንቀቅ የሚያስፈልገው የሰውነት ሙቀት ነው፤ የሚቀዘቅዘው ቁስሉ እንጂ ሰውየው አይደለም። ሌላውን ሰውነት በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ሸፍኑ። ሕፃን ከሆነ ወይም ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ፣ ልጁ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከደነዘዘ ማቀዝቀዙን አቁማችሁ አሙቁት።

ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ሊጥ፣ የቡና ዱቄት፣ ጭቃ

ከእነዚህ አንዱም አይደረግ። ቅቤና ሌላ ቅባት ሙቀቱን ከላይ ገጥሞ ያስቀራል። እንቁላል፣ ሊጥና ጭቃ ጀርም ይዘው ይገባሉ። የጥርስ ሳሙና ሲነካ ይቀዘቅዛል፣ ግን ይቆጠቁጣል እንጂ ሙቀቱን አያወጣም። ጂቪ የሚባለው የቁስል ቀለም ደግሞ ቦታውን ሰማያዊ ስለሚያደርገው ሐኪሙ የቃጠሎውን ጥልቀት በቀለም እንዳይለይ ይጋርደዋል። የቡና ዱቄቱና ቅቤው ሆስፒታል ሲደረስ ተፍቆ መውጣት አለበት፤ ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ የሚሠቃየው ያኔ ነው። ማር በሕክምና የተዘጋጀ ዓይነት እንዳለው እውነት ነው፤ ከቆርቆሮ የተቀዳ የቤት ማር ግን የመጀመሪያ ዕርዳታ አይደለም። እናቶችና አያቶች ይህን የሚያደርጉት በፍቅር ነው፤ ስለዚህ ከመከልከል ይልቅ ጆጉን ማስያዝ ይሻላል።

ውሃው ሲያበቃ ቁስሉን ሸፍኑ። አየር ሲነካው ያማል፤ ሲሸፈን ሕመሙ ይቀንሳል። በጣም የሚመቸው የምግብ መጠቅለያ ስስ ላስቲክ ነው፦ አይጣበቅም፣ ሳይገለጥም ያሳያል። የመጀመሪያውን ዙር ጥቅል ጥላችሁ ቀጥሎ ያለውን ቁረጡና ላዩ ላይ አንጥፉት፤ ክንድን ወይም እግርን አትጠምጥሙበት፣ ሲያብጥ ያንቀዋል። ለእጅ ንጹሕ ያልተነካ ፌስታል ማጥለቅ ይበቃል። ፊት ላይ ላስቲክ አይደረግም። ላስቲክ ከሌለ ታጥቦ የተተኮሰ ነጠላ ይሆናል። ጥጥ ግን አይሁን፤ ክሩ ቁስሉ ውስጥ ይቀራል።

ለሕመም ፓራሲታሞል ስጡ። ለልጅ መጠኑ በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ነው፤ ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም የያዘ ከሆነ 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 6 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። ለአዋቂ በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊ ግራም እስከ 1 ግራም፣ በቀን ከ4 ግራም ሳያልፍ። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ አስፕሪን አይሰጥም።

ስፋቱንና ጥልቀቱን መገመት

የራሱ የተጎጂው መዳፍ ከነጣቶቹ የሰውነቱ 1 በመቶ ያህል ነው። የልጁን ቃጠሎ የምትለኩት በልጁ መዳፍ ነው፣ በእናንተ አይደለም። ቀልቶ ብቻ የቀረውን አትቁጠሩ፤ ውሃ የቋጠረውንና ከዚያ የጠለቀውን ብቻ ቁጠሩ። ሰፋ ላለ ቃጠሎ በአዋቂ ላይ ራስ 9፣ እያንዳንዱ ክንድ 9፣ እያንዳንዱ እግር 18፣ ደረትና ሆድ 18፣ ጀርባ 18 በመቶ ይያዛል። የሕፃን ራስ ትልቅ ስለሆነ 18 በመቶ ገደማ ነው፤ እግሩም በዚያው ልክ ያንሳል።

ጥልቀቱን የሚነግራችሁ ቀለሙና ሕመሙ ነው። ቀልቶ ደረቅ ሆኖ የሚያም፣ ውሃ ያልቋጠረ ከሆነ የላይኛው ቆዳ ብቻ ነው የተነካው። በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ በደንብ ላይታይ ይችላል፤ ሙቀቱንና እብጠቱን በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱ። ውሃ የቋጠረ፣ ሲገለጥ ሮዝና እርጥብ የሆነ፣ ሲነካ በጣም የሚያም ከሆነ አልጠለቀም፤ በ2 ሳምንት ገደማ ይድናል። ነጭ፣ ቡናማ ወይም እንደ ተለፋ ቆዳ የጠነከረና ሲነካ የማይሰማ ከሆነ ግን ነርቮቹ ተቃጥለዋል። «አላመመውም፣ ቀላል ነው» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ያ የማያመው ቃጠሎ ከሁሉም የከፋው ነው።

ልጅ ላይ ከ5 በመቶ፣ አዋቂ ላይ ከ10 በመቶ በላይ የሆነ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ ብልት ወይም መገጣጠሚያ ላይ ያለ፣ ክንድን ወይም እግርን ዙሪያውን የያዘ፣ ነጭና ደንዛዛ የሆነ፣ በኤሌክትሪክ ወይም በኬሚካል የደረሰ ሁሉ ትንሽም ቢሆን ይታይ። በተዘጋ ቤት ውስጥ ጭስ የማገ፣ ድምፁ የጎረነነ፣ የአፍንጫ ፀጉሩ የተለበለበ ወይም አክታው የጠቆረ ሰው ቆዳው ምንም ባይነካም ድንገተኛ ነው፤ ጉሮሮው በሰዓታት ውስጥ አብጦ ሊዘጋ ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ እሳትና ድንገተኛ አደጋ በ939 ይጠራል። በከተማው ለቃጠሎ የተለየ ክፍል እንዳለው የሚታወቀው የየካቲት 12 ሆስፒታል ነው።

ሰፊ ቃጠሎ ያለበትን ሰው የሚገድለው በመጀመሪያው ቀን የፈሳሽ እጥረት ነው። ከደም ሥር እየሾለከ ወደ እብጠቱና ወደ ቁስሉ ይሄዳል። ሐኪሞች በዚያ ቀን የሚሰጠውን ፈሳሽ መነሻ መጠን የሚያሰሉት በ4 ሚሊ ሊትር × ኪሎ × የቃጠሎው በመቶኛ ነው፤ ግማሹ በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ይሰጣል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከተቃጠለበት እንጂ ሆስፒታል ከደረሰበት አይደለም፤ ስለዚህ የተቃጠለበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ጻፉት። መንገዱ ሩቅ ከሆነና ተጎጂው ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ኦአርኤስ በትንሽ በትንሹ ይጠጣ። ሽንቱ መቀነሱንና መጥቆሩን ተከታተሉ።

ኬሚካልና ኤሌክትሪክ በአጭሩ። የባትሪ አሲድ ወይም በረኪና ከፈሰሰ ብዙ ውሃ፣ ከ20 ደቂቃም በላይ። ኖራ ከሆነ መጀመሪያ ደረቁን አራግፉ፣ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ይግላልና፤ ከዚያ በብዙ ውሃ እጠቡ። ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው ሳትነኩ ቆጣሪውን አጥፉ። መግቢያውና መውጫው ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ብቻ ቢታይም ውስጡ ያለው ጡንቻና ልብ ሊጎዳ ስለሚችል ሆስፒታል ይታይ።

አንድ ነገር በተለይ ልበል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እሳት ላይ ሲወድቅ «ይተላለፋል» ተብሎ ማንም ሳይነካው የሚቆይበት ጊዜ አለ። ክብሪት ለማሽተት ሲሮጥ ፊቱና እጁ እስከ አጥንት ይቃጠላል። የሚጥል በሽታ በመንካት፣ በአረፋውም ሆነ በትንፋሹ አይተላለፍም። ጎትታችሁ አውጡት፣ ውሃ አፍስሱ፣ በጎኑ አስተኙት። ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ደግሞ ከመሬት ምድጃ ከፍ ያለ ማብሰያ ይሠራለት፣ መድኃኒቱም አይቋረጥ።

ቁስሉን መያዝ

ትንሽ ውሃ የቋጠረ ቦታ አይፈንዳ፤ ሽፋኑ የራሱ የሰውነት ፋሻ ነው። ትልቅ ሆኖ የተወጠረ ወይም መገጣጠሚያ ላይ ያለ ከሆነ ጤና ጣቢያ በንጹሕ መሣሪያ ይክፈቱት። በራሱ ከፈነዳ ቁስሉን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና በቀስታ እጠቡ። ከላዩ የማይጣበቅ ቫዝሊን ያለው ጋዝ (ስስ የቁስል ጨርቅ)፣ ቀጥሎ ፈሳሹን የሚመጥ ደረቅ ጋዝ፣ ከዚያ ፋሻ። ፋሻው የሚቀየረው በየ1 እስከ 3 ቀን ነው፤ ከራሰ ወይም ከቆሸሸ ወዲያው። ተጣብቆ ከሆነ አትጎትቱት፤ 10 ደቂቃ በውሃ አርሱት፣ ራሱ ይለቃል። ጎትቶ ማንሳት ገና የበቀለውን ቆዳ አብሮ ይነቅላል። የእጅ ጣቶች አንድ በአንድ ተለይተው ይታሸጉ፣ በመሃላቸውም ጋዝ ይግባ፤ አብረው ከታሰሩ እርስ በርስ ሊጣበቁ ይችላሉ።

ሲልቨር ሰልፋዳያዚን የሚባለው ነጭ ቅባት በየፋርማሲው አለ፤ ሰው ሁሉ የቃጠሎ መድኃኒት ይህ ብቻ ይመስለዋል። ለጠለቀና ለሰፋ ቁስል በባለሙያ ሲታዘዝ ቦታ አለው። ለትንሽና ላልጠለቀ ቃጠሎ ግን አዲስ ቆዳ እንዲበቅል አያፋጥንም፣ እንዲያውም ሊያዘገይ ይችላል፤ ላዩ ላይ ግራጫ ሽፋን ስለሚሠራም ቁስሉን ይጋርዳል። ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን፣ መውለጃዋ ለቀረበ ነፍሰ ጡርና ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ላለበት አይሆንም። ሐኪም ከማየቱ በፊት አትቀቡት።

ቃጠሎ ለመንጋጋ ቆልፍ ያጋልጣል፤ የቲታነስ ክትባት ከወሰዳችሁ 5 ዓመት ካለፈ ወይም መቼ እንደሆነ ካላስታወሳችሁ ጠይቁ። ከ2 እና ከ3 ቀን በኋላ ሕመሙ መቀነስ ሲገባው ከጨመረ፣ ዙሪያው ከቀላና ከሰፋ፣ ከሸተተ፣ አረንጓዴ ፈሳሽ ወይም መግል ካለው፣ ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ ካለፈ አመርቅዟል። ልጅ ላይ ደግሞ ቁስሉ ደህና መስሎ ሳለ ድንገት ትኩሳት፣ ሽፍታ፣ ትውከትና ተቅማጥ ከመጣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል፤ ከትንሽ ቃጠሎ የሚነሳ መርዛማ የባክቴሪያ ሕመም ሊሆን ይችላል።

ቆዳ የሚሠራው ከፕሮቲን ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ ዓሣ ይበላ። ጾም ከሆነ ሕመምተኛ ከጾም ነፃ መሆኑን የነፍስ አባት ራሳቸው ይነግሯችኋልና አማክሯቸው፤ እጾማለሁ ላለ ደግሞ ሽሮ፣ ምስርና ለውዝ በብዛት።

የሚመቸው አቀማመጥ አጣማጁ ነው

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም ቁስሉ ድኖ እጁ ታጥፎ የቀረ ሰው ከመጠን በላይ ብዙ ነው። ጠልቆ የተቃጠለ ቆዳ ሲድን ይኮማተራል፤ ለወራት ይኮማተራል። ልጁ ክንዱን አጥፎ፣ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ፣ ጉልበቱን ሰብስቦ ይተኛል፣ ሕመሙ እንዲያ ሲሆን ስለሚቀልለት። እናት አዝና ትራስ ትጨምርለታለች። ቆዳው በዚያ ቅርፅ ይደርቅና መገጣጠሚያው ከዚያ ወዲያ አይዘረጋም።

አንገቱ ፊት ለፊት ከተቃጠለ ትራስ የለም፤ ከትከሻው ሥር የተጠቀለለ ፎጣ ገብቶ አገጩ ወደ ላይ ቀና ይበል። ብብት ከሆነ ክንዱ ከጎኑ ተለይቶ፣ 90 ዲግሪ ያህል ተዘርግቶ፣ በተጣጠፈ ጋቢ ይደገፍ። ክርን ከውስጥ ከሆነ ክንዱ ቀጥ ይበል። ጉልበት ከኋላ ከሆነ እግሩ ቀጥ ብሎ፣ ከሥሩ ምንም ሳይገባ። ቁርጭምጭሚት 90 ዲግሪ ይያዝ፤ እግሩ ባለ ተረከዝ ጫማ እንዳደረገ ጣቶቹ ወደ ታች ተንጋደው አይቅሩ። የእጅ ጀርባ ከሆነ አንጓው ትንሽ ወደ ላይ ቀና፣ ጣቶቹ ከመዳፉ ጋር የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ታጥፎ፣ ጣቶቹ ራሳቸው ግን ቀጥ ይበሉ። መዳፉ ከሆነ ጣቶቹ ሁሉ ተዘርግተው ተለያይተው ይታሰሩ። ሌሊት በእንቅልፍ ይታጠፋል፣ ስለዚህ ፊዚዮቴራፒስት ወይም ጤና ባለሙያ ደጋፊ ጣውላ ወይም ጄሶ ይሥራለት።

ቀን ቀን ደግሞ እንቅስቃሴ፦ በየ1 እና 2 ሰዓቱ ጥቂት ጊዜ፣ ቆዳው ሲወጠር እስኪሰማ ቀስ ብሎ ዘርግቶ መያዝ። ፓራሲታሞሉን ከ30 ደቂቃ በፊት ስጡ። ልጅ ከሆነ ጨዋታ አድርጉት፤ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተቀመጠ ኳስ ለማውረድ ክንዱን ራሱ ይዘረጋል። የቆዳ ንቅለ ተከላ የተደረገለት ከሆነ ግን መቼ እንደሚጀመር የቀዶ ሐኪሙ ይንገራችሁ። በ3 ሳምንት ያልደረቀ ቁስል ቤት ውስጥ እየተጠበቀ አይቆይ፤ ንቅለ ተከላ የሚያስፈልገው ሊሆን ይችላል፤ በዘገየ ቁጥርም ጠባሳው ይወፍራል። ለዓመታት ታጥፎ የቆየ አንገት ወይም እጅም ቢሆን በቀዶ ሕክምና ይለቀቃልና «አበቃለት» ተብሎ አይተው።

ጠባሳው

ቆዳው ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ቀብታችሁ በአውራ ጣት እየተጫናችሁ እሹት፤ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ 5 ደቂቃ ያህል። ማሸት ሲባል ጣታችሁ ቆዳው ላይ መንሸራተቱ አይደለም፤ ጠባሳው ራሱ ከሥሩ ካለው ሥጋ ላይ ወዲያ ወዲህ ይበል። ውሃ ከቋጠረ ለቀናት ተዉት። ልክ ተወስዶ የሚሰፋ፣ ጠባሳውን የሚጫን ጠባብ ልብስ ካገኛችሁ በቀን 23 ሰዓት ይለበሳል፤ የሚወልቀው ለመታጠብና ለማሸት ነው። የሲሊኮን ልጥፍ መጀመሪያ ጥቂት ሰዓት፣ ከዚያ ቢያንስ 12 ሰዓት፤ በየቀኑ ቆዳውም ልጥፉም ይታጠብ። ሁሉም ውጤት የሚሰጠው በወራት ነው፤ ጠባሳ እስኪበስል ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል።

ማሳከኩ ሰው ከሚገምተው በላይ ያስቸግራል፣ ሌሊት ያነቃል። ቅባትና ቀዝቃዛ ጨርቅ ይረዳል፤ ካልሆነ ሴትሪዚን የመሰለ መድኃኒት ሐኪሙ ያዝዛል። የልጁን ጥፍር አሳጥሩ። አዲሱ ቆዳ ሊነጣ ወይም ሊጠቁር ይችላል፤ ቀለሙ በወራት እየተመለሰ ይሄዳል፣ ጠልቆ የነበረው ላይ ግን ላይመለስ ይችላል። ቢያንስ ለአንድ ዓመት ከፀሐይ ይሸፈን።

በድሮ የቃጠሎ ጠባሳ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ከአሥርት ዓመታት በኋላ፣ ቁስል ይከፈትና አልድን ይላል። በፋሻና በቅባት ወር ካለፈው፣ ጠርዙ ከተነሳ፣ ከደማ ወይም ከሸተተ ናሙና ተወስዶ ይመርመር፤ ወደ ቆዳ ካንሰር ተለውጦ ሊሆን ስለሚችል፣ ቶሎ ሲደረስበትም ተቆርጦ ይወጣል።